ቀጭኑ መጽሐፍ

ኦኒማ የሰፈሩን ቤተ መጻሕፍት ደረጃ ስትወጣ በክንዷ የታቀፈችው አምስተኛውንና የመጨረሻውን ቅጽ ነበር። ከሙቀቱ ወራት ጀምሮ ስታነበው የከረመችው የአንድ የወንዝ ዳር ቤተሰብ ታሪክ ትናንት አለቀ። አያትየው ሞቱ፣ ወንዙ ቤቱን በላው፣ የልጅ ልጆቹ ተበተኑ። የሷ ጣጣ ግን ገና መጀመሩ ነበር። እሑድ ለጋብቻ ሊያዩዋት ከሩቁ ከተማ ከፓትና ሰዎች ይመጣሉ። ሙሽራው መሐንዲስ ነው ተብሏል።

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ቢጆን ከጠረጴዛው ጀርባ ሆኖ አያት። ሌላ ጊዜ ቢሆን «አለቀ? ማን ሞተብዎት?» ብሎ ነበር የሚቀበላት። እሷም «አይጠይቁኝ፣ ገና ሐዘን ላይ ነኝ» ትለው ነበር። ዛሬ ግን መጽሐፉን ተቀበላትና ሽፋኑን በመዳፉ ጠረገ። የሚጠረግ ነገር አልነበረውም።

ያስተዋወቋቸው አባቷ ናቸው፤ ያውም ሳያውቁት። ኖቢን ሺል በሰሜን ካልካታ ስማቸው የታወቀ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ሱቁን ለልጃቸው ለማኒክ አስረክበው ፎቅ ላይ ተቀምጠዋል። ቀኑ የሚመሽላቸው ኦኒማ ስታነብላቸው ብቻ ነው፤ የሚወዱት ደግሞ ረጅም ልቦለድ ነው። «አጭር መጽሐፍ በር ላይ ቆሞ እንደሚሄድ እንግዳ ነው» ይላሉ። «ገና ወንበር ስትስቢለት ‹ደህና ይዋሉ› ይልሻል። የሚከርም አምጪልኝ!»

የሚከርመውን የሚያውቀው ቢጆን ነበር። ረጅም ልቦለድ ሲመርጥ ታሪኩን አይናገርም፤ መጽሐፉ ውስጥ ካለ ሰው ጋር ያስተዋውቃል እንጂ። «ሁለተኛው ቅጽ ላይ አንዲት ጥብስ የምትሸጥ መበለት ትመጣለች። እሷን ሳያገኙ እንዳይመልሱብኝ፣ እቀየምዎታለሁ» ይላታል። ወይም ደግሞ «የመጀመሪያውን መቶ ገጽ እንደ አማት ይታገሡት፤ ከዚያ በኋላ እናት ይሆናል»። ይህን ሁሉ የሚለው በዚያ የከተማው ሰሜነኞች ‹ባንጋል› እያሉ በሚስቁበት የምሥራቅ ቤንጋል ቅላጼው ነው። ቤንጋል ለሁለት አገር ሲከፈል ድንበሩን ከእናቱ ጋር በእግሩ የተሻገረ ልጅ ነበር፤ ዛሬም የሚኖረው በከተማው ደቡብ፣ ተፈናቃዮች በሠሩት የቆርቆሮ ሰፈር ውስጥ ነው።

ሁለቱም ያልተናገሩት አንድ ነገር ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ ደንብ በአንድ ጊዜ ሁለት ቅጽ መውሰድ ይፈቅዳል። ቢጆን ለኦኒማ የሚሰጣት አንድ አንድ ብቻ ነው። ደንቡን እሷም ታውቀዋለች፤ ግን ሁለተኛውን ጠይቃው አታውቅም። ሦስት ዓመት እንዲህ ሆነ።

«እሑድ እንግዳ አለብን» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ሰምቻለሁ።»

ዓይኖቹን ፈለገች። ወደ ጠረጴዛው አቀርቅሯል። መንገዱን ሙሉ ስታጠናው የመጣችውን ጥያቄ ለመጠየቅ ትንፋሿን ሰበሰበች።

«እንግዲህ… ምን ይመርጡልኛል? ምን ላንብብ?»

ጥያቄው የመጽሐፍ አልነበረም። ወደ ኋለኛው መደርደሪያ ሄዶ ከነዚያ ወፋፍራሞቹ የአንዱን የመጀመሪያ ቅጽ ቢያመጣላት፣ መልሱን በእጇ ይዛ ወደ ቤት ትሄድ ነበር። የሰው ልብ በእንዲህ ያለ ገመድ ላይ ይንጠለጠላል።

ቢጆን ተነሣ። ወደ ኋላ አልሄደም። በሩ አጠገብ፣ ሰዎች ትራም ሲጠብቁ የሚያነቧቸው ነገሮች ካሉበት መደርደሪያ፣ የጣት ውፍረት የማይሞላ መጽሐፍ አንሥቶ ፊቷ አኖረ።

«ይህ እስከ እሑድ ያልቅልዎታል።»

«ያልቅልኛል?»

«አዎ። ከዚያ በኋላ… ፓትናም ጥሩ ቤተ መጻሕፍት አለ ይባላል።»

ኦኒማ መጽሐፉን በሳሪዋ ጫፍ ሸፍና ወጣች። ክብደት የሚባል ነገር የለውም። እንደዚያ የከበዳት ነገር ግን በሕይወቷ ይዛ አታውቅም።

ቢጆን ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ከሁለት ቀን በፊት የኦኒማ ወንድም ማኒክ መጥቶበት ነበር። ማኒክ የቤተ መጻሕፍቱ ኮሚቴ አባል ነው፤ ሲገባ ሁሉም ይነሣለታል።

«ለእህቴ መጽሐፍ ትመርጥላታለህ አሉ» አለው፣ ሳይቀመጥ።

«የሚያዝዙኝ አባትዎ ናቸው።»

«እናንተ ባንጋሎች እኮ መጀመሪያ በረንዳ ላይ አሳድሩን ብላችሁ ነው የምትመጡት። ቀጥሎ ሳሎኑን፤ ቀጥሎ ደግሞ የቤቱን ልጅ።»

ቢጆን ይህን ዓይነቱን ስድብ ከልጅነቱ ጀምሮ ውጦታል። ማኒክ ግን ፈገግ ብሎ ድምፁን አለሰለሰ። የሚገድለው ቃል የመጣው ያኔ ነው።

«ለመሆኑ እቤት እንዴት እንደምታስቀን ታውቃለህ? ኦኒማ ያንተን አነጋገር ስታስመስለው! ‹የመጀመሪያውን መቶ ገጽ እንደ አማት ይታገሡት› ስትል አክስታችን ፒሺማ ሆዷን ይዛ ነው የምትስቀው። ወንድሜ፣ በቤታችን ከሬዲዮ በላይ ነህ።»

ያንን ቃል ቢጆን ከኦኒማ በቀር ለማንም ተናግሮት አያውቅም። ስለዚህ እውነት ነው ብሎ ተቀበለው። እውነትም ነበር፤ የእውነቱ ግማሽ። ሌላውን ግማሽ ሳይሰማ ሁለት ቀን አንገቱን ደፍቶ ዋለ፤ በሦስተኛው ቀን ቀጭኑን መጽሐፍ ሰጣት።

ኖቢን ሺል ልጃቸው ደረጃውን ስትወጣ በእርምጃዋ አወቋት።

«መጣሽ? ምን መረጠልን? ምን አለ? በሱ አፍ ንገሪኝ እንጂ!»

የዘወትር ልማዳቸው ነው። ቢጆን ያለውን ቃል በቃል፣ ከነቅላጼው እንድትነግራቸው ይፈልጋሉ። ኦኒማ ዛሬ ተቀመጠችና በራሷ ድምፅ፣ ያለ ምንም ቅላጼ፣ «ምንም አላለም ባባ» አለች። ማንበብም ጀመረች። ገና አመሻሹ ላይ መጽሐፉ አለቀ።

«ከዚያስ?»

«አለቀ።»

«እንዴት አለቀ? ገና አሁን አይደለም እንዴ የጀመርሽው?» በእጃቸው ዳብሰው ተቀበሏትና ውፍረቱን በሁለት ጣታቸው ለኩት። ፊታቸው ጠቆረ። «ይህ ልጅ ታሟል። ወይም አንድ ሰው አሳምሞታል።»

ፒሺማ ከጥግ ሆነው ሳቁ። የኖቢን ሺል እህት ናቸው፤ ሳቅ አያልቅባቸውም። «ምን ይታመማል፣ የደረቅ ዓሣ ሽታ እንኳን የማይገድለው ባንጋል! ይልቅ ሙሽራዪት ፊቷን እርድ ትቀባ፤ እሑድ ደረሰ።»

ኦኒማ መልስ አልሰጠችም። ዓይናቸው የማያይ አባት ግን ዝምታ ይሰማል። ዝምታዋ እርጥብ ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መንገዱን ወንዝ አደረገው። ትራሙ ቆመ። ቢጆን ማንም አይመጣም ብሎ መስኮት ሲዘጋ፣ በሰው የሚጎተት ሪክሾ ውሃውን እየቀዘፈ ደጁ ላይ ቆመ። ነጭ ዶቲ የለበሱ ሽማግሌ በዱላቸው ደረጃውን ይፈልጋሉ።

«ቀስ ይበሉ፣ ደረጃው ያንሸራትታል፤ ይጠንቀቁ!» ብሎ ሮጠ።

ሽማግሌው እግራቸውን አንሥተው እንደቆሙ ቀሩ።

«አንተ ነህ» አሉ።

«ተሳስተው ይሆናል፣ አንተዋወቅም።»

«አንተ ነህ እንጂ! ‹ይጠንቀቁ› ስትል መጨረሻውን እንዲህ ወደ ላይ ታነሣዋለህ። ልጄ ልክ እንደዚህ ነው የምታደርገው።» ክንዱን ጨብጠው ወጡ። «ኖቢን ሺል ነኝ። ምን በድዬህ ነው ቀጭን መጽሐፍ የላክህብኝ?»

 ቢጆን ወንበር ሰጣቸው። መሳለቂያ መሆኑን እንዳያረጋግጡለት እየፈራ፣ ወንድምየው የነገረውን ነገራቸው።

«እህቴ ትስቃለች» አሉ ሽማግሌው። «እህቴ ለቅሶ ቤትም ትስቃለች። ስማኝ ልጄ። ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ የመጣ ሰው ለኔ ፊት የለውም፤ ሁሉም አንድ ነው። ኦኒማ ስላንተ ስትነግረኝ ‹በራሱ ድምፅ ንገሪኝ፣ ልየው› ያልኳት እኔ ነኝ። መጀመሪያ አፍራ እንቢ ብላ ነበር። አንተን ስታስመስል ኦኒማ አንድ ቀን እንኳ ስቃ አታውቅም። ሰው የተኛ ሕፃን አቅፎ ደረጃ ሲወርድ እንዴት ነው የሚረግጠው? ቃልህን እንደዚያ ነው የምትይዘው። እኔ ዕውሩ ያየሁትን እናንተ ሁለት ዓይናሞች እንዴት ሳታዩት ቀራችሁ?»

ቢጆን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። በሰው ላይ ከደረሰ ግፍ ሁሉ የሚያቃጥለው፣ በገዛ እጅ የተሠራው ነው።

«እኔ ደፋር አይደለሁም» አሉ ኖቢን ሺል። «ቤቱን የሚያኖረው ማኒክ ነው፤ እሱን ማዘዝ ድሮ ቀርቷል። መጽሐፍ ልለምንህ ነው የመጣሁት። ሌላው ያንተና የሷ ነው።»

ቢጆን ወደ ኋለኛው መደርደሪያ ሄደ። ካሉት ሁሉ የሚበልጠውን ረጅም ልቦለድ፣ ለማንም መርጦት የማያውቀውን፣ የመጀመሪያ ቅጽ አወጣና በሸሚዙ ውስጥ ከዝናብ ሸሸገው። ሽማግሌውን ሪክሾው ላይ አስቀምጦ እሱ ጉልበቱ ድረስ በውሃ ውስጥ አጠገባቸው ተራመደ። በሺል ቤት በር አልፎ አያውቅም። ዛሬ አለፈ።

ሳሎን ውስጥ ማኒክና ፒሺማ ለነገ እንግዶች ወንበር ያስተካክላሉ። ኦኒማ የአባቷን ድምፅ ሰምታ ስትወርድ፣ ጫማው ውሃ የሚተፋ ሰው ምንጣፉ ዳር ቆሞ አየች።

«ምን ሊሠሩ መጡ?» አለችው።

«ኦኒማ፣ አንቺን—»

«አንቺ!» ብለው ጮኹ ፒሺማ። «ሰማችሁ? አንቺ አላት!»

«አንቺን ብዬ ነው የመጣሁት። ወንድምሽ ትስቅብሃለች አለኝ፣ አመንኩት። ይቅር በይኝ። ነገ ከሚመጡት ጋር አትሂጂ። እኔ ያለኝ የቆርቆሮ ቤትና አንዲት እናት ነው። ሌላ የማቀርበው የለኝም።»

ስትጓጓለት የኖረችው ቃል መጣ። ነገር ግን ከደስታ በፊት የመጣባት ቁጣ ነበር።

«አመንከው!» አለች፤ «እርስዎ» የሚለው ቃል ከአፏ ጠፍቶ። «ሦስት ዓመት ዓይኔን እያየህ፣ በአንድ ሰው የአንድ ጊዜ ወሬ አመንከው። መቶ ገጽ ታገሡ የምትል ሰው፣ እኔን ገና ገጽ ሳትገልጥ ዘጋኸኝ። ትናንት ምን ይዤ እንደወጣሁ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም!»

ማኒክ ወንበሩን ገፍቶ መጣ። «በቃ! ኦኒማ፣ ወደ ላይ። አንተም ውጣ። ከዚህ ሰው ጋር ከወጣሽ ይህ በር ሁለተኛ አይከፈትልሽም። እኔ ልሙት!»

ከኖቢን ሺል አፍ ሳያስቡት አንድ ቃል አመለጠ።

«ታዲያ ማን ያነብልኛል?»

ወዲያው አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። ዘግይተው ነበር። ኦኒማን ከወንድሟ መሐላ ይልቅ ያ ጥያቄ ሰበራት። መሬት ላይ ተቀምጣ የአባቷን እግር ነካች።

«ባባ፣ ይልቀቁኝ።»

«አልለቅሽም ብልሽ ትቀሪያለሽ?»

 እሷ ወደ ቢጆን አላየችም።

«እቀራለሁ።»

ሽማግሌው ጭንቅላቷን ዳበሱ። እጃቸው ለረጅም ጊዜ እዚያው ቆየ።

«እንግዲያው አልልም» አሉ።

ኦኒማ ተነሣች። ወንድሟን አይታ «ዳዳ፣ ለፓትና ሰዎች ንገርልኝ፤ ሙሽራ የለችም» አለችው። ቢጆን ይዞት የመጣውን መጽሐፍ ተቀብላ አባቷ ጉልበት ላይ አኖረችው። ከዚያ ቢጆን አጠገብ ቆመች።

«ይቅር አላልኩህም።»

«አውቃለሁ።»

«ና፣ እንሂድ። መንገድ ላይ እናስብበታለን።»

ውሃው ውስጥ ገቡ። በሩ ከኋላቸው ሲዘጋ የሰማችው ድምፅ ለብዙ ቀን ከጆሮዋ አልወጣም።

በመዝጋቢው ቢሮ ፈርመው ተጋቡ። ኮሚቴው የቤተ መጻሕፍቱን ቁልፍ ከቢጆን ተቀበለው፤ እሱም በአንድ ማተሚያ ቤት የእርማት ሥራ አገኘ። አማቷ የመጀመሪያውን ቀን ያቀረቡላት የዓሣ ወጥ በርበሬው ዓይኗን አስለቀሳት። «እናንተ ሰሜነኞች ምስሩ ላይ ሳይቀር ስኳር ስትነሰንሱ ምላሳችሁ ሕፃን ሆኖ ቀረ» ብለው ሳቁባት። እሷም ሳቀች። ይቅር ያለችው በየትኛው ቀን እንደሆነ አታውቅም፤ አንድ ጠዋት ሸሚዙን ስትተኩስ ቁጣዋን ፈልጋ አጣችው። ሲመሽ ግን የአባቷ የንባብ ሰዓት ነውና ትቅበጠበጣለች። ቢጆን ያያታል።

አንድ ቀን በትራም ወደ ሰሜን፣ ወደ አባቷ ቤት ሄደች። ዘበኛው አንገቱን ደፍቶ «እመቤቴ፣ እንዳልከፍት ታዝዣለሁ» አላት። በሩ ዝግ ነው። ከደጁ ውጭ ያለው የድንጋይ መደብ ግን የመንገደኛ ሁሉ ነው፤ የሰፈሩ ወንዶች ስለ ኳስ የሚጨቃጨቁት እዚያ ላይ ነው። ኦኒማ ተቀመጠች። ቢጆን ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎች ፈልጎ የገዛላትን፣ ለአባቷ ትታው የወጣችውን የዚያኑ ልቦለድ የመጀመሪያ ቅጽ ከፈተችና፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ በሙሉ ድምጿ ማንበብ ጀመረች።

ፎቅ ላይ መስኮት ተከፈተ።

በየቀኑ መጣች። ዓሣ ሻጩ ሲያልፍ መጮኹን አቆመ። ከፊት ለፊት በረንዳ ሴቶች ልብስ የሚያሰጡ መስለው ይቆማሉ። አንድ ቀን ከመዝጊያው ጀርባ የፒሺማ ድምፅ መጣ፤ «ጮክ በይ እንጂ! ‹ወሰዳት› ነው ‹ወደዳት› ያልሽው?» ሰፈሩ ሳቀ። ማኒክ ከሱቁ ሲመለስ ፊቱን አዙሮ ይገባል። በሩን ሁለት ጊዜ ነበር የሚቆልፈው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከባድ ዝናብ ያገኛት ቀን ድምጿ ተዘግቶ ነበር። ቢጆን ከሥራ መጥቶ ጃንጥላ ይዞላታል፤ ጃንጥላው መጽሐፉንና እሷን እንጂ እሱን አይሸፍንም። እሷ በተቀደደ ጉሮሮ ታነባለች። ማኒክ ከሱቁ መጣ። እንደ ወትሮው ማለፍ ሲገባው ቆመ። ጎርፉ ጫማውን እስኪሞላው አዳመጠ።

«ድምፅሽ ተዘግቷል» አለ በመጨረሻ።

«አዎ ዳዳ።»

«ከላይ ምንም አይሰማም። ባባ መስኮቱን ከፍተው እየበሰበሱ ነው የተቀመጡት።»

ቁልፉን አወጣ፣ በሩን ከፈተ። «ግቢ» አላት። ቢጆንን አላየውም።

«ሁለት ነን።»

የማኒክ መንጋጋ ተንቀሳቀሰ።  ኦኒማ አልተንቀሳቀሰችም። ቢጆን ጆሮዋ ድረስ ጎንበስ ብሎ «ግቢ» አላት። «እሱ የሚችለው ዛሬ ይህን ያህል ነው። አባትሽ እየጠበቁ ነው፤ እኔ እዚህ ሆኜ እሰማለሁ።»

ገባች። ደረጃውን ስትወጣ እግሯ እያንዳንዱን ያውቀዋል። አባቷ መስኮቱ አጠገብ ነበሩ፤ ሸማቸው ርሶ ትከሻቸው ላይ ተጣብቋል። ከስተዋል። እጃቸውን ዘረጉ፤ ያዘችው። ከቦታዋ ተቀምጣ ገጹን ፈለገች።

በመስኮቱ ቁልቁል ታየዋለች፤ ባሏ ጃንጥላውን አጥፎ ዝናቡ ውስጥ ቆሟል። ወንድሟ ደግሞ ደጃፉ ላይ ነው፤ በሩን አልዘጋውም፤ እንዲገባም አላለውም። እጁ መዝጊያው ላይ እንዳለ ሁለቱ ሰዎች እየተያዩ ቆመዋል። መካከላቸው የሁለት እርምጃ ያህል ቦታ አለ፤ ዝናብ ይወርድበታል።

አፏን ከፈተች። ፊደሎቹ ተቀላቀሉባት፤ ድምፅ እንቢ አላት። ከላይ ሆና ወደ ታች ስትጎተት፣ ከታች ሆና ወደ ላይ ስትጎተት የከረመችው ልቧ በአንድ ጊዜ ሁለቱም ቦታ ሆነና ተሰነጠቀባት።

«እንግዲህ አልቅሺ» አሉ አባቷ በቀስታ፣ እጇን ሳይለቁ። «መጽሐፉ የትም አይሄድም።»